ሰደፉ ሲቀየር ሕጉም የሚቀየርበት ጠመንጃ

ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ በዉድሮው ዊልሰን ድልድይ የፖቶማክን ወንዝ የሚሻገር ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቨርጂኒያ ወጥቶ ሜሪላንድ ይገባል። በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለሰርግ፣ ለለቅሶና ለክርስትና ስንመላለስበት የኖርነው መንገድ ነው። በመኪናው ኋላ በቨርጂኒያ ሱቅ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ኤአር-15 ጠመንጃ ካለ ግን ያች አጭር ጉዞ ወንጀል ልትሆን ትችላለች። የሜሪላንድ ሕግ «የጥቃት መሣሪያ» ብሎ የሚጠራቸውን ጠመንጃዎች ወደ ግዛቱ ማስገባት ይከለክላል፤ ቅጣቱም እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 5,000 ዶላር፣ አለበለዚያም ሁለቱም ነው።

አስገራሚው ነገር ከዚህ ይቀጥላል። የሜሪላንድ ሕግ ኤአር-15ንና የእሱን አምሳያዎች በስም ከከለከለ በኋላ፣ ከባድ በርሜል ያለውን «ኤች-ባር» የተባለውን የኮልት ኩባንያ ምርት በስም ለይቶ ነጻ አውጥቶታል። በርሜሉ ወፈር ይላል፣ ሲተኮስበት ቶሎ አይግልም፣ ለዒላማ ተኩስም ይመረጣል። የሚጎርሰው ጥይት ያው ነው፤ የሚቀበለው ካዝና ያው ነው፤ የሚተኩስበት ፍጥነትም ያው ነው። ስለዚህ ክልከላው በ2013 ከጸና በኋላም ወፍራም በርሜል ያላቸው የዚህ ጠመንጃ ዓይነቶች በሜሪላንድ ሱቆች ሲሸጡ ቆይተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ ስለዚህ ጠመንጃ ከ30 ዓመት በላይ ሲካሄድ በኖረው ክርክር ውስጥ ብዙ እንባና ብዙ ቁጣ ፈስሷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከቁጣው በፊት ያለው ጥያቄ ነው፤ የሚከለከለው ነገር ምንድን ነው? አብዛኞቹ ሕጎች ለዚህ የሰጡት መልስ የጠመንጃውን መልክ የሚገልጽ ነው። ጠመንጃው ደግሞ መልኩን በቀላሉ እንዲቀይር ሆኖ የተሠራ ነው። ሕግ አውጪዎቹ መልኩን ሲያሳድዱ፣ ሰው የሚገድለው አሠራሩ ሳይነካ ኖሯል።

ከፊል አውቶማቲክ ማለት

መጀመሪያ በእኛ ቋንቋ ያለውን ግራ መጋባት ማጥራት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ትምህርት ቤት ወይም ገበያ ውስጥ ጅምላ ግድያ ሲፈጸም፣ በአማርኛ ዜናዎች ላይ ገዳዩ «አውቶማቲክ መሣሪያ» ይዞ ነበር ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ይህ ስህተት ነው፤ ቀላል ስህተትም አይደለም። አውቶማቲክ መሣሪያ ምላጩ ተስቦ እስከተያዘ ድረስ ጥይቱ እስኪያልቅ ይተኩሳል። ከፊል አውቶማቲክ ግን ምላጩ አንድ ጊዜ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል፤ ቀለሁን ራሱ አውጥቶ ቀጣዩን ጥይት ራሱ ያቀባብላል፤ ተኳሹ ለሚቀጥለው ጥይት ምላጩን ለቆ እንደገና መሳብ አለበት።

አገር ቤት የምናውቀው ክላሽ በቀኝ ጎኑ ባለው መምረጫ ወደ ነጠላም ወደ ተከታታይ ተኩስም ይዞራል። በአሜሪካ ሱቅ የሚሸጠው ክላሽ መሰል ጠመንጃ ነጠላውን ብቻ ነው የሚያውቀው። እውነተኛው አውቶማቲክ መሣሪያ ከ1934 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት መዝገብ ሥር ነው፤ በ1986 በወጣው ሕግ ደግሞ መዝገቡ ለአዲስ መሣሪያ ተዘግቷል። ግለሰብ ሊይዝ የሚችለው ከዚያ ዓመት ግንቦት 19 በፊት የተመዘገበውን ብቻ ስለሆነ፣ የአንዱ ዋጋ በአሥር ሺሕዎች ዶላር ይቆጠራል። እንግዲህ ዛሬ የሚያከራክረው ጠመንጃ አውቶማቲክ አይደለም። ይህን ሳይለዩ ክርክሩ ውስጥ የሚገቡ ሰዎች የጠመንጃ ባለቤቶችን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያጧቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገሩት እውነት ቢሆን እንኳ የሚሰማቸው የለም።

«የጥቃት ጠመንጃ» የሚለው ስያሜ የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ላይ ጀርመኖች ከሠሩት መካከለኛ ጥይት ከሚተኩስ ወታደራዊ መሣሪያ ነው። የእሱ መለያ ወደ አውቶማቲክ የሚዞር መምረጫ ነበር። «የጥቃት መሣሪያ» የሚለው ሰፊ ስያሜ ግን በ1980ዎቹ በአሜሪካ የተስፋፋ የሕግና የፖለቲካ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ከግዛት ግዛት ይለያያል። የጠመንጃ አምራቾች ማኅበርም በበኩሉ በ2009 «ዘመናዊ የስፖርት ጠመንጃ» የሚል ስም አውጥቶ ማስተዋወቅ ጀመረ። አንዱ ወገን ጠመንጃውን ከጦር ሜዳ ጋር፣ ሌላው ከሜዳ ጨዋታ ጋር ሊያዛምድ ስም ያወጣል። ሁለቱም ስሞች ስለ ጠመንጃው አሠራር የሚነግሩን ነገር የለም።

የእኛ አባቶች በዚህ ረገድ ብልህ ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እንደ ውጅግራና ምንሽር ያሉትን ስሞች ከፈረንጅ ቢወርሱም፣ ከራሳቸው ያወጡት ስም «አምስት ጎራሽ» የሚል ነበር። ጠመንጃው ስንት ጥይት እንደሚጎርስ መጥራት ምን ሊያደርግ እንደሚችል መናገር ነው።

ሁለት ፒን

ኤአር-15ን በ1950ዎቹ መጨረሻ የነደፈው የአርማላይት ኩባንያ መሐንዲስ ዩጂን ስቶነር ነው። «ኤአር» የሚሉት ፊደላት የአርማላይት ጠመንጃ ማለት ናቸው እንጂ፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት ከጥቃት ጋር ግንኙነት የላቸውም። አርማላይት መብቱን በ1959 ለኮልት ሸጠ። ወታደራዊው ዝርያ ኤም-16 ተብሎ ቬትናም ሲዘምት፣ ነጠላ ተኩስ ብቻ የሚያውቀው ዝርያ ከ1964 ጀምሮ ለሲቪሎች ገበያ ቀረበ። የኮልት የፈጠራ መብት በ1977 ሲያበቃ ሌሎች ፋብሪካዎች ሁሉ ይሠሩት ጀመር፤ ክፍሎቹም በአንድ ልክ ስለሚሠሩ የአንዱ ፋብሪካ ከሌላው ጋር ይገጥማል።

ስቶነር የተለመደውን ጎባጣ የእንጨት ሰደፍ ትቶ ሰደፉን ከበርሜሉ ጋር በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ አዋለው። ጠመንጃው ሲተኩስ ምቱ ቀጥ ብሎ ወደ ትከሻ ይሄዳል፤ አፈሙዙ ወደ ላይ አይዘልም። ሰደፉ ቀጥ ሲል ግን እጅ የሚይዝበት ጉብታ ስለሚጠፋ፣ ከሥር የሽጉጥ ዓይነት እጀታ ማውጣት ግድ ሆነ። ያ እጀታ ቆይቶ በብዙ ሕጎች የ«ጥቃት መሣሪያ» ዋና ምልክት ተደርጎ ተቆጠረ። ነገሩን ከሥሩ ለሚመለከት ሰው እጀታው ጌጥ አይደለም፤ ራሱን የቻለ አደጋም አይደለም፤ የንድፉ ውጤት ነው። በአንድ በኩል «እነዚህ ነገሮች ውበት ብቻ ናቸው» የሚሉት የጠመንጃ ወዳጆች ተሳስተዋል፤ ቀጥ ያለው መስመር ጠመንጃው በፈጣን ተኩስ ጊዜ ከዒላማው እንዳይወጣ የተደረገ ነውና። በሌላ በኩል እጀታውን ቢያስወግዱ ጠመንጃው የሚለዝብ የሚመስላቸው ሕግ አውጪዎችም ተሳስተዋል።

ይህን ጠመንጃ ከሌላው የሚለየው ትልቁ ነገር ግን ተገጣጣሚነቱ ነው። ሁለት ፒኖች ሲገፉ ጠመንጃው የላይኛውና የታችኛው አካል ተብሎ ለሁለት ይለያያል። ባለቤቱ ሰደፉን ከቁመቱ ጋር የሚስማማ ያደርጋል፣ እጀታውን ይለውጣል፣ ማነጣጠሪያ መነጽር ይጭናል፣ የእጅ መያዣውን በቀላል ብረት ይተካል፣ የላይኛውን አካል በሙሉ አውጥቶ ሌላ ዓይነት ጥይት የሚተኩስ ያስገባል። ለብዙ አሜሪካውያን ይህ እንደ መኪና ማስዋብ ያለ የቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው። በዒላማ ውድድር የሚካፈል አለ፤ የእርሻውን ሰብል ከአውሬ የሚጠብቅ አለ፤ ለቤቱ መከላከያ የያዘ አለ። እየረዘመ እያጠረ የሚስተካከለው ሰደፍ አንዱን ጠመንጃ ረጅሙ ባልም አጭሯ ሚስትም እንዲተኩሱበት ያደርጋል፤ በክረምት ወፍራም ካፖርት ለሚለብስ ሰውም ይመቻል። በ1994 የወጣው የፌዴራል ክልከላ ይህንኑ ሰደፍ ከአደገኛ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮት ነበር።

ጠመንጃው እንዲህ ክፍል በክፍል የሚቀያየር ከሆነ፣ በሕግ ዓይን «ጠመንጃው» የቱ ነው? በፌዴራል አሠራር ተከታታይ ቁጥር የሚጻፍበት የታችኛው አካል ነው ጠመንጃው፤ ሌላው ሁሉ መለዋወጫ ስለሆነ በፖስታ ታዝዞ ቤት ይገባል። ነገር ግን ለአሥርት ዓመታት በሥራ ላይ የነበረው ደንብ የጠመንጃን ዋና አካል ሲተረጉም፣ መዶሻውን፣ መዝጊያውንና የመተኮሻውን ሥርዓት በአንድነት የያዘ ክፍል ይላል። የኤአር-15 የታችኛው አካል መዝጊያውን አይዝም፤ መዝጊያው ያለው ላይኛው ውስጥ ነው። በቃሉ ከሄድን በአገሪቱ በሚሊዮን የሚቆጠረው ጠመንጃ ዋና አካል የለውም ማለት ነው። በ2019 በካሊፎርኒያ አንድ የፌዴራል ዳኛ ይህንኑ ሊፈርዱ ሲቃረቡ፣ ዐቃቤ ሕግ ውሳኔው እንዳይጸና ከተከሳሹ ጋር ስምምነት አደረገ። ደንቡ የተስተካከለው በ2022 ነው።

ስም ዝርዝር ያመጣው ጣጣ

ጥር 17 ቀን 1989 በካሊፎርኒያ ስቶክተን ከተማ አንድ ሰው ክላሽ መሰል ጠመንጃ ይዞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ገባ፤ 5 ሕፃናት ተገደሉ። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ በአገሪቱ የመጀመሪያውን የጥቃት መሣሪያ ክልከላ አወጣች። ዘዴው ቀላል ነበር፤ መሣሪያዎቹን በስማቸው መዘርዘር። በዝርዝሩ ውስጥ ቴክ-9 የተባለ ሽጉጥ ይገኝ ነበር። አምራቹ ከዚያው መሣሪያ እምብዛም የማይለየውን ቴክ-ዲሲ9 በሚል ስም መሸጡን ቀጠለ። ሐምሌ 1 ቀን 1993 በሳን ፍራንሲስኮ፣ በካሊፎርኒያ ጎዳና ቁጥር 101 በሚገኘው ሕንጻ 8 ሰዎችን የገደለው ሰው ከያዛቸው መሣሪያዎች ሁለቱ ቴክ-ዲሲ9 ነበሩ።

በቀጣዩ ዓመት ኮንግረስ የፌዴራሉን ክልከላ አጸደቀ፤ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን መስከረም 13 ቀን 1994 ፈረሙበት። ሕጉ 19 መሣሪያዎችን በስም ከለከለ፤ የስሙን ጣጣ ለመሸሽም የምልክቶች መመዘኛ ጨመረ። ተነቃይ ካዝና የሚቀበል ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ከተዘረዘሩት አምስት ምልክቶች ሁለቱ ካሉበት የጥቃት መሣሪያ ነው ተባለ። ምልክቶቹም የሚታጠፍ ወይም የሚሳብ ሰደፍ፣ የሽጉጥ ዓይነት እጀታ፣ የሳንጃ መሰኪያ፣ የአፈሙዝ ነበልባል መከላከያ ወይም እሱን ለመግጠም ጥርስ የወጣለት በርሜል፣ እና ቦምብ መተኮሻ ነበሩ። በአሜሪካ መንገድ ላይ ማን በሳንጃ ተወግቶ ያውቃል? አምራቾቹ የሳንጃ መሰኪያውን ቆረጡ፣ የነበልባል መከላከያውን አነሱ፣ ሰደፉን እንዳይንቀሳቀስ አድርገው ያንኑ ጠመንጃ ገበያ አወጡ። ያ የቴክ አምራች ደግሞ አዲሱን ሽጉጡን ኤቢ-10 ብሎ ጠራው፤ ሁለቱ ፊደላት «ከእገዳ በኋላ» ማለት ናቸው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሕጉ ያገደው ሳይሆን በግልጽ የፈቀደው ነው። ከሕጉ ጋር ተያይዞ ወደ 650 የሚጠጉ የተፈቀዱ ጠመንጃዎች ዝርዝር ነበር። ከነዚያ አንዱ፣ ሰደፉ የማይታጠፈው ሩገር ሚኒ-14 ነው። ሚኒ-14 የእንጨት ሰደፍ ያለው፣ ሲያዩት የገበሬ ጠመንጃ የሚመስል መሣሪያ ነው፤ የሚተኩሰው ግን ኤአር-15 የሚተኩሰውን ጥይት ነው፣ ካዝናውም ተነቃይ ነው፣ ፍጥነቱም ያው ነው። የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ይህን ጠመንጃ ነጻ ሲያወጡ፣ በካናዳ ሞንትሪያል የምሕንድስና ትምህርት ቤት 14 ሴቶች በዚሁ ጠመንጃ ከተገደሉ ገና አምስት ዓመት አልሞላም ነበር። በ2011 በኖርዌይ ኡቶያ ደሴት 69 ሰዎች ሲገደሉም ከገዳዩ እጅ የነበረው ጠመንጃ ሚኒ-14 ነው።

የፌዴራሉ ሕግ የ10 ዓመት ዕድሜ ተቆርጦለት ስለነበር መስከረም 13 ቀን 2004 አበቃ። ግዛቶች ግን የራሳቸውን ሕግ ይዘው ቀጠሉ። ኮነቲከት ከ1993 ጀምሮ የራሷ ክልከላ ነበራት። ታኅሣሥ 14 ቀን 2012 በዚህችው ግዛት በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 ሴት መምህራንና ሠራተኞች ሲገደሉ፣ ገዳዩ የተጠቀመበት ቡሽማስተር የተባለ ኤአር-15 መሰል ጠመንጃ በግዛቱ ሕግ መሠረት የተፈቀደ ነበር። የተከለከሉት ምልክቶች አልነበሩበትም። ከአምስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ 154 ጥይት ተኩሷል። ስለ ሳንጃ መሰኪያ የሚያወራ ሕግ ለእነዚያ ሕፃናት ምን አደረገላቸው? ይህን ጥያቄ ለጠመንጃ ባለቤቶች ብቻ ሳይሆን፣ ሕጉን አውጥተው ሥራቸውን የጨረሱ ለመሰላቸው ፖለቲከኞችም ማቅረብ ተገቢ ነው።

ከዚያ በኋላ ኒው ዮርክና ኮነቲከት መመዘኛውን ከሁለት ምልክት ወደ አንድ አወረዱት። ካሊፎርኒያ ከ2000 ጀምሮ አንድ ምልክት ይበቃል ስትል ቆይታለች፤ የጠመንጃ ባለቤቶቹም ለዚህ መልስ አላጡም። ሕጉ ተነቃይ ካዝናን የሚተረጉመው ያለ መሣሪያ እርዳታ የሚነቀል በሚል ስለነበር፣ በጥይት ጫፍ ሲጫኑት የሚከፈት ቁልፍ ሠሩ፤ ጥይት እንደ «መሣሪያ» ተቆጠረና ካዝናው በሕግ ቋንቋ «ቋሚ» ሆነ። ግዛቱ ይህን ቀዳዳ የዘጋው እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳን በርናርዲኖ ከተማ ከተፈጸመው የጅምላ ግድያ በኋላ በ2016 ነው። ያን ጊዜ ደግሞ አውራ ጣት ዙሪያውን እንዳይጨብጥ የሚያደርግ የዓሣ ክንፍ መሰል እጀታ ተስፋፋ፤ ይህ የሽጉጥ ዓይነት እጀታ አይባልምና ጠመንጃው ተነቃይ ካዝናውን ይዞ ሕጋዊ ሆነ። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ የምልክቶቹ ዝርዝር እጀታውን ጨርሶ አያነሳም። በአንዱ ግዛት ወህኒ የሚያስወርድ እጀታ በሌላው ከቁም ነገር አይገባም።

ምላጭ፣ ዳክዬና ጠረጴዛ

የትርጉሙ ጣጣ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ጥቅምት 1 ቀን 2017 በላስ ቬጋስ አንድ ሰው ከሆቴል መስኮት ወደ ኮንሰርት ታዳሚዎች ሲተኩስ 60 ሰዎች ሞቱ። ጠመንጃዎቹ ከፊል አውቶማቲክ ቢሆኑም፣ የምቱን ኃይል ተጠቅሞ ጠመንጃውን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያንቀሳቀሰ ምላጩን ከጣት ጋር በፍጥነት የሚያጋጭ የሰደፍ ዓይነት ተገጥሞባቸው ነበር። የትራምፕ አስተዳደር ይህን ሰደፍ ከአውቶማቲክ መሣሪያ መድቦ ከለከለው። ሰኔ 14 ቀን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ክልከላውን ሻረ። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ሕጉ የሚለው «በአንድ የምላጭ ሥራ» ነው፣ እዚህ ግን ለእያንዳንዱ ጥይት ምላጩ እየተመለሰ ይሳባል አሉ። ዳኛ ሶኒያ ሶቶማዮር በተቃውሞ ሐሳባቸው፣ እንደ ዳክዬ የሚራመድ፣ እንደ ዳክዬ የሚዋኝና እንደ ዳክዬ የሚጮህ ወፍ ሳይ ዳክዬ እለዋለሁ ሲሉ መለሱ። እኔ የሶቶማዮርን ቁጣ እጋራለሁ፤ የሕጉን ቃል ግን የጻፈው ኮንግረስ ነው፤ የማረም ሥልጣንም ኃላፊነትም ያለበት እሱ ነው።

መጋቢት 26 ቀን 2025 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ባለቤቱ ቤቱ ውስጥ የሚጨርሳቸውን፣ ተከታታይ ቁጥር የሌላቸውን ተገጣጣሚ መሣሪያዎች በሚመለከት 7 ለ 2 ወሰነ። ዳኛ ኒል ጎርሰች ሰው ገና ያላለቀን ነገር በስሙ ይጠራል አሉ፤ ከሱቅ ገዝቶ ቤቱ የሚገጣጥመውን ጠረጴዛ ገና በካርቶን ሳለ «ጠረጴዛ ገዛሁ» ይላል። ስለዚህ መንግሥት አንዳንድ ተገጣጣሚ ስብስቦችን እንደ ጦር መሣሪያ መቆጣጠር ይችላል። ሁለቱን ውሳኔዎች ጎን ለጎን ሳነብ የማየው፣ ፍርድ ቤቱ ሕጉ አንድን ነገር በሥራው ሲገልጸው እንዴት በጥንቃቄ እንደሚከተለው ነው።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ካናዳ በ2020 በኖቫ ስኮሺያ 22 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ወደ 1,500 የሚጠጉ የጠመንጃ ሞዴሎችንና ዝርያዎችን በስም ከለከለች፤ ሚኒ-14ም ተካተተ። ዝርዝሩ ግን አላበቃም፤ በ2024 እና በ2025 ሌሎች መቶዎች ተጨመሩበት። ስም የሚያሳድድ ሕግ ዕረፍት የለውም።

ኒው ዚላንድ ሌላ መንገድ ሄደች። መጋቢት 15 ቀን 2019 በክራይስትቸርች ሁለት መስጊዶች ውስጥ 51 ሙስሊሞች በጁምዓ ሶላት ላይ ተገደሉ። ምክር ቤቱ አንድ ወር ሳይሞላ 119 ለ 1 በሆነ ድምፅ ሕጉን አጸደቀ። ሕጉ ስለ እጀታም ስለ ሳንጃም አያወራም። ከፊል አውቶማቲክ የሆነውን ረጅም ጠመንጃ ሁሉ ከለከለና፣ ልዩ ሁኔታውን ጠባብ አደረገው፤ ከ10 ጥይት የማይበልጥ ካዝና ያለው ትንሹ የ.22 ጠመንጃ እና ከ5 ጥይት የማይበልጥ ቋሚ ካዝና ያለው የወፍ ጠመንጃ ይፈቀዳሉ። ገበሬውም፣ ፖሊሱም፣ ሱቅ ባለቤቱም አንድ ጊዜ አንብቦ ይገባዋል። መንግሥት ገንዘብ ከፍሎ ከ50,000 በላይ መሣሪያ ሰበሰበ። ይህ ሕግ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ምን እንደሚከለክል አላውቅም ማለት ግን አይቻልም።

በአሜሪካም ወደዚህ የሚጠጋ ሐሳብ ብቅ ብሏል። ኮሎራዶ በ2025 ያጸደቀችውና ከነሐሴ 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ እንዲውል የተወሰነው ሕግ ተነቃይ ካዝና ባላቸው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ላይ ያተኩራል፤ መግዛት የሚፈልግ ሰው ከአካባቢው ሸሪፍ ፈቃድ አግኝቶ ሥልጠና መውሰድ አለበት። መልኩን ትቶ ካዝናውን መያዙ ብልህነት ይመስለኛል። በ2011 በቱሳን፣ አሪዞና 33 ጥይት በሚይዝ ካዝና 6 ሰዎችን የገደለው ወጣት የተያዘው ካዝናውን ለመቀየር ሲሞክር ነበር። ያች የጥቂት ሰከንድ ክፍተት ለሚሸሹ ሰዎች ሕይወት ናት።

ቁጥሮቹን በሐቀኝነት ማየትም ያስፈልጋል። በአሜሪካ በጠመንጃ ከሚፈጸሙ ግድያዎች አብዛኞቹ የሚፈጸሙት በሽጉጥ ነው፤ በፌዴራል ፖሊስ ዓመታዊ ቆጠራ የረጅም ጠመንጃ ሁሉ ድርሻ ጥቂት መቶኛ ነው። በሱቃቸው ባንኮኒ ላይ ሳሉ የተገደሉብንን ወገኖቻችንን ስናስብ፣ የሰፈሩ አደጋ ሽጉጥ መሆኑን እናውቃለን። የጥይቱ ኃይልም ብዙ የተጋነነ ነገር አለበት። የኤአር-15 ጥይት በሰከንድ ከ900 ሜትር በላይ ይበራል፣ ከሽጉጥ ጥይት ከሁለት እጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ ሐኪሞች የሚገልጹት አስከፊ ቁስልም ከዚህ ይመጣል። ከአዳኝ ጠመንጃ ጋር ሲነጻጸር ግን ትንሽ ነው፤ ቨርጂኒያ አጋዘን ለማደን የተለመደውን የኤአር-15 ጥይት አትፈቅድም፣ አጋዘኑን ሳይገድል ያቆስላል በሚል። እንደዚያም ሆኖ በኡቫልዴ፣ ቴክሳስ ግንቦት 24 ቀን 2022 ለ19 ሕፃናትና ለ2 መምህራን ሞት ምክንያት የሆነው ይህ ጠመንጃ ነው። የጅምላ ግድያ በቁጥር ጥቂት ቢሆንም ልጁን ትምህርት ቤት ልኮ በሰላም መመለሱን የሚጠራጠር ወላጅ ፍርሃት በመቶኛ አይለካም።

ድልድዩ ላይ

ለእኛ ማኅበረሰብ ጉዳዩ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መግዛት ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ የአደን ፈቃድን ከመሳሰሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መያዝ እንኳ አይፈቀድለትም። ለዒላማ ተኩስ ጓደኛው ያቀበለውን ጠመንጃ በእጁ መያዝም «ይዞታ» ሊባል ይችላል፤ ይህ ለስደተኛ የሚያስከትለው መዘዝ ከእስራቱ በላይ መባረር ነው። ዕቃ በኢንተርኔት አዝዞ ጠመንጃውን የሚያሻሽልም ቢሆን፣ በርሜሉ ከ16 ኢንች ያነሰና ሰደፍ ያለው ጠመንጃ ከ1934 ጀምሮ በፌዴራል መዝገብ የሚመዘገብ መሆኑን ማወቅ አለበት። ለዘጠና ዓመት ያልተቀየረው የ200 ዶላር ግብር ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ለዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ ወደ ዜሮ ቢወርድም፣ ምዝገባው አልቀረም። ቨርጂኒያ ውስጥም ጥያቄው ሲያከራክር ኖሯል፤ የግዛቱ ምክር ቤት ያሳለፈውን ክልከላ የያኔው ገዢ ግሌን ያንግኪን በ2024ም በ2025ም ውድቅ አድርገውት ነበር፤ በኅዳር 2025 አቢጌል ስፓንበርገር በእሳቸው ቦታ ገዢ ሆነው ሲመረጡ ጉዳዩ እንደገና ተነስቷል።

የሜሪላንዱ ክልከላ በነሐሴ 2024 በይግባኝ ፍርድ ቤት ጸንቷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ሰኔ 2 ቀን 2025 ጉዳዩን አላይም አለ፤ ሦስት ዳኞች ግን ማየት ይገባል ብለው ነበር። ዳኛ ብሬት ካቫኖ እምቢታውን ቢቀበሉም፣ አሜሪካውያን እጅ ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ኤአር-15 እንደሚገኝ ጠቅሰው ፍርድ ቤቱ ይህን ጥያቄ በአንድ ወይም በሁለት የሥራ ዘመን ውስጥ ሊመልሰው እንደሚገባ ጻፉ። ክርክሩ የሚያርፈው በ2008 ፍርድ ቤቱ ባስቀመጠው መመዘኛ ላይ ነው፤ ሰላማዊ ዜጎች «በተለምዶ የሚጠቀሙበት» መሣሪያ ጥበቃ አለው የሚል ነው።

ይህ መመዘኛ እጅግ ያሳስበኛል። ከዛሬዎቹ ሚሊዮኖች አብዛኞቹ የተሸጡት የፌዴራሉ ክልከላ በ2004 ካበቃ በኋላ ነው። በሌላ አነጋገር ጠመንጃው የተለመደ የሆነው፣ መልኩን ብቻ ያየው ሕግ ሳያስቆመው ስላለፈና ኮንግረስ ዕድሜውን ስላላራዘመው ነው። አሁን ደግሞ ያ ልማድ ራሱ፣ ጠመንጃውን በሥራው ሊተረጉም የሚነሳውን አዲስ ሕግ የሚከለክል ማስረጃ ሆኖ ፍርድ ቤት ቀርቧል።